ለበዓል የሚሠራው ሰው መቼ ይረፍ?

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

 

ታኅሣሥ ነው። በመንዝ፣ በግሼ፣ በመርሐቤቴና በአካባቢው የደጋው ውርጭ ጠንክሯል፤ ገብሱ ከአውድማ ወደ ጎተራ እየገባ ነው፤ የነቢያት ጾምም ወደ ገና እየተጠጋ ነው። የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ዕረፍት ነው። የምንነጋገረው ግን ወር ጠብቀው ደመወዝ ስለሚቀበሉ ሠራተኞች ሳይሆን በግላቸው ሠርተው ስለሚያድሩ ሰዎች ነው፤ ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ሸማኔው፣ የበግ ፀጉር ፈትላ ለባና ብርድ ልብስና ለበርኖስ ካባ ስለምታቀርበው እናት፣ ስለ ሹሩባ ሠሪዋ፣ ጠላ ጠምቃ ስለምትሸጠው፣ ስለ ፎቶ አንሺው፣ ስለ መኪና ነጂው። ሌላው ሰው በዓል ሲመጣ ሥራውን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ይገባል። እነዚህ ግን ሥራቸው የሚበዛው ያኔ ነው። ታዲያ መቼ ይረፉ? እንዴትስ ይረፉ?

ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት እንጀምር። መሐል ሜዳ ይሁን፣ ሞላሌ ይሁን፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። ከገበያ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሩ አጠገብ፣ ብርሃን እንዲያገኝ ተብሎ፣ ባለ እግር ሲንጀር የስፌት መኪና ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ያለቀላቸው ልብሶች ተንጠልጥለዋል፤ ጥጉ ላይ ስማቸው በወረቀት ቁራጭ የተጻፈባቸው የጨርቅ ጥቅሎች ተደራርበዋል። ሰፊው ጀርባውን አጉብጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀኝ እጁን ከመዘውሩ ግራ እጁን ከጨርቁ ላይ አድርጎ፣ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ ይውላል። አንዲት ልጅ እናቷን አስከትላ ትገባለች።

«ጋሼ፣ ለጥምቀት ይደርስልኛል?»

ሰፊው የጨርቁን ክምር ቀና ብሎ ያያል። እንደማይደርስ ያውቃል። «ይደርሳል፣ የኔ ልጅ» ይላታል።

ለምን እንዲህ አለ? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ነው። ልጅቷ ቀሚሱን የምትፈልገው ለጥር 11 ነው፤ ጥር 13 ቢደርስላት ምኗም አይደለም። እሱ እንቢ ካላት ደግሞ ሁለት በር አልፋ ከጎረቤቱ ሰፊ ዘንድ ትገባለች፤ ከርሞም ወደ እሱ አትመለስም። በግሉ የሚሠራ ሰው ዕረፍት የሚያጣው ሰነፍ ወይም ስስታም ስለሆነ አይደለም። ብቻውን ሲያርፍ እንጀራው ወደ ሌላ ሰው ስለሚሄድበት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት የሚሰፋ ሰው፣ ለምሳ አንድ ሰዓት ቢያርፍ እንኳ፣ በቀን 13 ሰዓት ሠራ ማለት ነው። እሑድን ቢተው በሳምንት 78 ሰዓት ይሆናል። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለተቀጠረ ሰው የፈቀደው መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በጋራ ያካሄዱት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ጉዳዩን ከጤና አንጻር መርምሮታል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአንጎል ውስጥ የደም ዝውውር መታወክ፣ ማለትም በስትሮክ፣ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥሮች ሕመም የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ያ ጥናት የሚናገረው ለረጅም ጊዜ እንዲህ ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። አንድ የበዓል ሰሞን ብቻውን ሰው አይገድልም። ነገር ግን ከገና ወደ ጥምቀት፣ ከጥምቀት ወደ ሠርግ፣ ከዚያ ወደ ፋሲካ እያለ መሐሉ ላይ ሳያርፍ ዓመቱን የሚዘልቅ ሰው ከዚያ ቁጥር ውስጥ ይገባል።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ይጨበጣል፣ ይፈታል፤ ሲፈታ ደም ይገባበታል። ለሰዓታት ባንድ ሁኔታ ደርቆ የተቀመጠ የአንገትና የወገብ ጡንቻ ግን እንደተጨበጠ ይውላል፤ ደም በበቂ አይደርሰውም፤ ማታ የምንሰማው ቁርጥማትና መደንዘዝ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ዓይንም ቅርብ ለማየት በውስጡ ያሉትን ትናንሽ ጡንቻዎች አጥብቆ ይይዛል፤ ራቅ ያለ ነገር ሲያይ ይለቃቸዋል። በደካማ መብራት መርፌ ቀዳዳ ላይ ሲያፈጥ ያመሸ ሰው ዓይኑ የሚለበልበውና ራሱን የሚያመው ለዚህ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአጭር ዕረፍት ይሻላቸዋል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ ደጅ ወጥቶ ማዶ ያለውን ተራራ ማየት፣ ትከሻን ማፍታታት ይበቃቸዋል።

የእንቅልፍ ዕዳ ግን ሌላ ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት የተቀነሰበት ሰው፣ «ለምጄዋለሁ» ቢልም፣ አእምሮው እየዘገየ ነው፤ ችግሩ ደግሞ መዘግየቱን ራሱ አያስተውለውም። ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ንቃቱ መጠጥ ከቀመሰ ሰው ጋር የሚቀራረብ መሆኑ በምርምር ታይቷል። እንቅልፍ ያጣው ልብስ ሰፊ ሲሆን ኪሳራው ጨርቅ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ እጅጌውን አሳጥሮ ይቆርጠዋል፤ ጠዋት ያየዋል፤ ጨርቁን ከኪሱ ይተካል። መኪና ነጂ ሲሆን ግን ኪሳራው የሰው ሕይወት ነው። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ ወደ መርሐቤቴ የሚሄድ መንገድ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። በበዓል ዋዜማ ሕዝብ ጭኖ ያንን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ሌሊቱን ተኝቶ ማደር አለበት። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ ተሳፋሪዎችም ሾፌራችሁን «እንዴት አደርክ? ተኝተሃል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅን አትፈሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ዕረፍቱ በሕግ ተጽፎለታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች የሥራ ሰዓታቸው እንዲወሰን፣ ዕረፍት እንዲያገኙ፣ ክፍያ ያለው የዕረፍት ጊዜና የሕዝብ በዓላት እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ቅድም የጠቀስነው አዋጅ ደግሞ በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጠዋል። ቢታመምም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዙ አይቋረጥበትም። የግል ሠሪው ግን አሠሪም ሠራተኛም እሱ ራሱ ነው። ፈቃድ የሚፈርምለት የለም። ባረፈበት ቀን የሚከፍለው የለም።

ስለዚህ የዕረፍቱን ዋጋ ራሱ ከሥራው ዋጋ ውስጥ ማስገባት አለበት። ይህ ከባድ ሒሳብ አይደለም። አንድ ሰው ቤተሰቡን ለማስተዳደር በዓመት 60,000 ብር የተጣራ ያስፈልገዋል እንበል። በዓመት 300 ቀን ከሠራ በቀን 200 ብር ማግኘት አለበት። 270 ቀን ብቻ ሠርቶ 30 ቀን ጨምሮ ቢያርፍስ? በቀን 222 ብር ያህል ማግኘት ይኖርበታል። ልዩነቱ 22 ብር ነው። በአንድ ሱሪ ወይም በአንድ ቀሚስ የስፌት ዋጋ ላይ ጥቂት ብር በመጨመር አንድ ወር ሙሉ ዕረፍት ይገዛል ማለት ነው። ብዙ የእጅ ባለሙያዎቻችን ዋጋ ሲተምኑ የክሩን፣ የቁልፉንና የቤት ኪራዩን ያስባሉ፤ የገዛ ወገባቸውን አያስቡም።

ይሁንና ዋጋውን አንዱ ብቻ ቢጨምር ደንበኛው ያው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የያዛችሁልኝ ነጥብ ላይ ደረስን። የግል ሠሪ ዕረፍት ከብቻ ውሳኔ አይገኝም፤ የሚገኘው ከስምምነት ነው። ይህን ደግሞ የእኛ አገር ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ገበሬውን ተመልከቱ። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለወልድ በሬ አይጠመድም፤ በቅዳሜና በእሑድ አይታረስም። በዓል ከተሻረ በረዶ ሰብሉን ይመታል ተብሎ ይታመናል፤ አንዱ ቢሽር ጦሱ ለሁሉም ይተርፋል ስለሚባል ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል። በዓሉ በዛ፣ አነሰ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እሱን ለካህናቱና ለገበሬው እንተወው። እኔ የማየው ግን አንድ ነገር ነው። ሁሉም ባንድ ቀን ሞፈር ስለሚሰቅል ያረፈው ገበሬ ካላረፈው አይበለጥም። በሬውም ያርፋል።

ከዚህ የጠለቀ ምሳሌ ደግሞ ደጃፋችን ላይ አለ፤ ጓሳ። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበትን የመንዝ ጓሳ የማያውቅ አድማጭ ያለን አይመስለኝም። ይህ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ ከመንዝ ቀደምት አባቶች ከአስቦና ከጌራ በወረደ ሥርዓት፣ ቄሮ በሚባል ደንብ ሲተዳደር ኖሯል። በደንቡ መሠረት ጓሳው እስከ 3፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሣር አይታጨድም፣ ከብት አይሰማራም፣ እንጨት አይለቀምም ነበር። ሣሩ ሲደርስ በደንቡ አለቆች ውሳኔ ይከፈት ነበር፤ የቤት ክዳኑ፣ ገመዱ፣ ግጦሹ ያኔ ይገኝ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ከጓሳው ይወጣ ነበር፤ የመዝጊያው ቀንም ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት በዓል ነበረ። ደንቡ የተናጋው በ1967 የመሬት አዋጅ መሬቱ ከቀድሞው ሥርዓት በወጣ ጊዜ ነው። አያቶቻችን ሣር እንኳ ካላረፈ እንደማይመለስ አውቀው፣ ማንም ለብቻው ገብቶ እንዳያጭድ ተማምለው ጠብቀውታል። ጓሳው ለዘመናት ተጠብቆ የቆየው በዚያ ስምምነት ነው።

በከተማችንም አንድ ሙያ ይህን ሥርዓት ሳያውቀው ይዞታል። ሥጋ ሻጩን ማለቴ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ለ55 ቀን። ባለቤቱ «ደንበኛዬ ወደ ሌላ ሉካንዳ ይሄድብኛል» ብሎ አይሰጋም፤ ሌላውም ዘግቷልና። ያንን ጊዜ አንዱ ዘመድ ይጠይቅበታል፣ አንዱ ቤቱን ያድስበታል፤ ለፋሲካም ታድሶ ይመለሳል። ልብስ ሰፊዎች፣ ሹሩባ ሠሪዎች፣ ፎቶ አንሺዎች ይህን ለራሳቸው ማድረግ የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀኑ ግን በሙያው ጠባይ መመረጥ አለበት። ለልብስ ሰፊ «በገና ማግሥት እረፍ» ብሎ መምከር ሥራውን አለማወቅ ነው፤ ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው ጊዜ የዓመቱ ጥድፊያ ነው። ከጥምቀት በኋላም ሠርግ ይከተላል። ስለዚህ ቃና ዘገሊላ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን አጭር ዕረፍት ተወስዶ፣ ረጅሙ ዕረፍት ሠርጉ ጋብ በሚልበት፣ በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንታት ቢሆን ይሻላል፤ የፋሲካው ትእዛዝ ከመጉረፉ በፊት። ለሙስሊም ደንበኞች በብዛት የሚሠሩ ደግሞ ጥድፊያቸው የረመዳን መጨረሻ ስለሆነ ዕረፍታቸው ከኢድ አልፈጥር በኋላ ይሆናል። ይህ ለተደባለቀ ገበያ፣ ለምሳሌ በግሼ በኩል ላላችሁ፣ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የአንዱ ወገን በዓል ሲሆን የሌላው ወገን ሰፊ ሥራውን ይዞ ወንፈል ሊገባለት ይችላል። በኔ በዓል አንተ የኔን ትርፍ ትእዛዝ ትሰፋለህ፤ ባንተ በዓል እኔ ያንተን እሰፋለሁ። ወንፈል ለእርሻ ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ሴቶች ሳንናገር ይህን ዝግጅት ብንጨርስ ትልቅ ጥፋት ነው። በበዓል ወንዱ ሲያርፍ የሚያሳርፈው የሴቷ ሥራ ነው። ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማዘጋጀት፣ ጥንስሱን መጠንሰስ፣ ድፍድፉን መከታተል ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ዶሮው ተገነጣጥሎ 12 ብልት ሆኖ መውጣት አለበት፤ ሽንኩርቱ ብቻ ግማሽ ቀን እሳት ዳር ያውላል። ይህች ሴት በዚያ ላይ ለገበያም የምትጠምቅ ወይም የሰው ፀጉር የምትሠራ ከሆነች ሁለት በዓል ተሸክማለች፤ የገበያውንና የቤቷን። በበዓሉ ቀን ደግሞ እንግዳ ታስተናግዳለች። ማረፍ አለባት ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ግን ውኃውን ማን ይቅዳ? ሽንኩርቱን ማን ይላጥ? መልሱ ቤት ውስጥ ነው። ወንዶች ልጆቻችን ሽንኩርት ሲልጡ ክብራቸው አይቀንስም። አባወራውም ቢሆን ከበዓሉ ማግሥት ጀምሮ ለሁለት ቀን እሳቱን እሱ ቢይዝ ለሚስቱ የሚሰጣት ስጦታ ከነጠላ ይበልጣል። እትዬ፣ እናንተም «እኔ ካልሠራሁት አይሆንም» የሚለውን ቃል ትንሽ ቀነስ አድርጉት።

ከዚህ አካባቢ ወጥተው በአዲስ አበባ የሚኖሩ ወጣቶችም ያዳምጡናል። ከእነሱ መካከል በኮምፒውተር የሚተረጉሙ፣ ሥዕላዊ ንድፍ የሚሠሩ፣ ፕሮግራም የሚጽፉና ደንበኛቸው ውጭ አገር ያለ አሉ። የእነሱ ችግር የሁለት ቀን መቁጠሪያ ችግር ነው። ደንበኛው የሚያርፈው በራሱ ገና፣ በእኛ ታኅሣሥ 16፣ እና በራሱ አዲስ ዓመት፣ በታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ከዚያ ታድሶ ይመለስና ሥራውን ሁሉ አግተልትሎ ይልካል፤ ልክ ገና ሊገባ ሲል። ልጁም እናቱ ቤት መንዝ ገብቶ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ቆሞ በዓሉን ያሳልፋል። መፍትሔው ቀድሞ መናገር ነው። በኅዳር ወር ለደንበኛው ታኅሣሥ 29ና ጥር 11 የሚውሉባቸውን የእሱን ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 7ንና 19ን፣ ጽፎ ማሳወቅ። በዓሉን አክብሮ የሚያርፍ ደንበኛ የሌላውን በዓል ሲነግሩት ይገባዋል።

አንድ ነገር ደግሞ መለየት አለብን። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲታጠፍ፣ ብዙ ሰው ሥራ ፈትቶ ቤቱ ውሏል። ያ ዕረፍት አይደለም። ሥጋት ላይ ያለ ሰው ቁጭ ብሎም ይደክማል። ደግሞም ገበያው ሲከፈት «ያመለጠኝን ላካክስ» ብሎ ያለ እንቅልፍ ይሠራል። የሚገርም አይደለም፤ የልጆቹ ጉሮሮ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ዕረፍት የሚመጣው ከቁጠባ በኋላ ነው፤ ለዚህ ደግሞ እቁብ አለን። የሙያ ጓደኞች አነስተኛ እቁብ ይግቡ፤ ዕጣውም በየሳምንቱ ከመውጣት ይልቅ ተጠራቅሞ በዐቢይ ጾም መግቢያ ለሁሉም ይከፋፈል። ያ ገንዘብ የዕረፍቱ ሳምንት ቀለብ ይሆናል። ለሕመም ጊዜ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራችሁን አሳድሱ፤ እሱ የተቋቋመው በተለይ ደመወዝ ለሌላችሁ ነው።

ዕረፍቱ ሲገኝስ ምን ይደረግበት? ቀኑን ሙሉ ጠላ ቤት የዋለ ሰው ወገቡም አይድን፣ እንቅልፉም አይጠግብ፤ መጠጥ የሌሊቱን እንቅልፍ ይቆራርጠዋል። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ዕረፍቱ መራመድ ነው፤ ዘመድ ጥየቃ በእግሩ ይሂድ፤ ጓሳው ድረስ ወጥቶ ይመለስ። ቆሞ የሚሠራ ደግሞ ይጋደም። መጀመሪያ ግን ሁሉም የተጠራቀመውን እንቅልፍ ይተኛ፤ ባንድ ሌሊት አይሞላም፣ ጥቂት ሌሊት ይፈልጋል።

ልብስ ሰፊዎች፣ አሁን ለእናንተ ነው። በዚህ ሳምንት የከተማችሁ ሰፊዎች ከገበያ ቀን በኋላ ለግማሽ ሰዓት ተሰብሰቡ። ለጥምቀት ትእዛዝ የምትቀበሉበትን የመጨረሻ ቀን ወስኑ፤ ታኅሣሥ 25 ቢሆን ብዬ አስባለሁ። በየበሩ ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉት። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሁላችሁም አንድ መልስ ስጡ። ከሚታዘዘው ላይ ቀብድ ተቀበሉ፤ ቀብድ የከፈለ ሰው ቀኑን ያከብራል።

ደንበኞችም ብትሆኑ የሰፊው እንቅልፍ በእናንተ እጅ ነው። ለጥምቀት የሚሰፋ ጨርቅ ሣጥናችሁ ውስጥ አስቀምጣችሁ «ገና ነው» የምትሉ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይዛችሁለት ሂዱ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)